የባለወፍጮው ልጅና የአባቴ ትርጓሜ

መጽሐፉ ዛሬም ቤታችን አለ። ሽፋኑ በፕላስተር ተለጣጥፏል፣ ጀርባው ተላጦ ክሩ ወጥቷል። ሽፋኑ ላይ አንዲት የዐሥር ዓመት ገደማ ልጅ የወፍጮ ቤት ጣራ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ተቀምጣለች። አንደኛው እግሯ ጫማ የለውም። ጫማው የት እንደገባ መጽሐፉ እስከ መጨረሻው አይናገርም፤ እኔ ግን ወንዙ እንደወሰደው አውቃለሁ።

የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ጎንደር ፒያሳ መንገድ ዳር አሮጌ መጽሐፍ ዘርግተው የሚሸጡት ዘንድ በደረስሁ ቁጥር ዓይኔ የሚፈልገው እንዲህ ያሉትን ነው፤ ድሮ በሩቅ አገር ለልጆች የተጻፉ፣ አንዲት እንቢ ባይ፣ አፏ የማያርፍ፣ እግሯ የማይቀመጥ ልጅ ያለችባቸው። የሥራ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። «አንች ሴትዮ፣ አታድጊም?» ይሉኛል። ይሳቁ። ያደግሁት በማን ሆነና።

እኔ ባደግሁበት ሰፈር ጨዋ ልጅ ማለት ድምጿ የማይሰማ ልጅ ናት። «የሷ ነገር፣ መኖሯም አይታወቅ» ይሉና ያመሰግኗታል። እኔ በዚህ ምስጋና ተመስግኜ አላውቅም። የቤተ ክርስቲያኑን የድንጋይ አጥር እወጣለሁ፣ ለትልቅ ሰው መልስ እሰጣለሁ፣ ከዚህ ሁሉ የባሰው ደግሞ አፏጫለሁ። እነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ያሉት ልጆች እኔ ስናገረው የምቆነጠጥበትን ነገር ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ ጸሐፊዋም ጎናቸው ትቆማለች። እንዲህ ዓይነት ትልቅ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር። ከአባቴ በስተቀር ልል ነበር፤ አባቴን ግን ያኔ ገና አላወቅሁትም።

አባቴ የትርጓሜ መምህር ነው። ሰፈሩ ሁሉ «የኔታ» ይለዋል፤ «አባየ» የምለው እኔ ብቻ ነኝ። እናቴ ያረፈችው የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ እኔና እሱ ቀረን። ከቀሐ ወንዝ ከፍ ብሎ ባለው የቤተ ክርስቲያን ግቢ ተማሪዎቹን ያስተምራል። ተማሪው አንድ መስመር በግእዝ ያነባል፣ አባቴ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፣ ከዚያ «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያለ ያችኑ አንድ መስመር በሦስትም በአራትም መንገድ ይፈታታል። ንባቡን የሚስት ተማሪ ይቆጣዋል። ትርጓሜ የሚያሳጥር ተማሪ ግን ያሳዝነዋል።

ልብ ወለድ አይወድም ነበር። «ያልነበረ ሰው ያልሠራውን ሥራ ማንበብ ምን ይረባል?» ይላል። ስለዚህ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የእንግሊዝኛ መምህራችን ያንን መጽሐፍ ስታውሰኝ ደበቅሁት። መዝገበ ቃላት ከጎረቤት ተዋስሁ፤ በየገጹ ሃያ ቃል እየፈለግሁ፣ የገባኝን ይዤ ያልገባኝን እየዘለልሁ ማንበብ ጀመርሁ።

አንድ የሰኔ ቀን የአባቴን የጸሎት መጽሐፍ ከቆዳ ማኅደሩ አውጥቼ ጸሎት የማደርስ መስዬ ልብ ወለዴን ሳነብ አባቴ ድንገት ገባ። ደነገጥሁ። ልብ ወለዱን ማኅደሩ ውስጥ፣ የጸሎት መጽሐፉን ትራሴ ሥር ከተትሁ። ሁለቱ በመጠን አንድ ናቸው። ማኅደሩን ግድግዳው ላይ መልሼ ሰቀልሁትና፣ ማታውን እለውጠዋለሁ ብዬ ረሳሁት።

በማግሥቱ ማለዳ አባቴ ጠዳ ለቅሶ ቤት ሊደርስና ጸሎት ሊያደርግ ማኅደሩን አንግቶ ወጣ። እኔ ስነሣ እጄ ትራሱ ሥር የጸሎት መጽሐፉን ነካ። ሮጬ መንገድ ድረስ ሄድሁ፤ የተሳፈረበት መኪና ሄዷል። ያንን ቀን እንዴት እንደዋልሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ምሳ አልበላሁም። ቢያቃጥለው ለመምህሬ ምን እላለሁ እያልሁ አለቀስሁ። ከሁሉ በላይ ግን አባቴ በሰው ፊት ሲያፍር ታየኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ራሱ ነው የነገረኝ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ሲጠብቅ ማኅደሩን ይከፍታል፤ ጣራ ላይ የተቀመጠች ባለ አንድ ጫማ ልጅ ታየዋለች። አባቴ የጸሎት መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ያውቀዋል። ሽፋኑን ወደ ደረቱ አዙሮ መጽሐፉን ገለጠና፣ የማያውቀውን የእንግሊዝኛ ፊደል እያየ ጸሎቱን ከመጀመሪያው አንሥቶ እስከ መጨረሻው አወረደው። በየቦታው ገጽ መግለጥንም አልረሳም። ችግሩ የመጣው ሲጨርስ ነው። እንደ ልማዱ ሰው መጽሐፉን ሊሳለም ተነሣ። አባቴ ቶሎ ብሎ ማኅደሩ ውስጥ ሊከተው ሲል አንዲት ባልቴት ቀደሙት። ግንባራቸውን አስነክተው ሽፋኑን ሳሙት። የቀሩት የተሳለሙት ማኅደሩን ነው።

ወደ ማምሻው ሲመለስ ዝናብ አበስብሶታል። ካባውን አውልቆ መደቡ ላይ ተቀመጠና መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አደረገው።

«ይች ሴትዮ ማን ናት?»

«ሴትዮ አይደለችም፣ ልጅ ናት» አልሁ። መልስ የመስጠት አመሌ በዚያ ሰዓት እንኳ አልለቀቀኝም።

«ጠዳ ድረስ አብራኝ ሄዳ ጸሎት ስትሰማ ዋለች። ጣራ ላይ ምን ትሠራለች?»

«ወጥታ ነው።»

«ምነው?»

 ለምን እንደወጣች ገና አልደረስሁበትም ነበር። እንዳያቃጥለው ፈርቼ «የኔ አይደለም፣ የመምህሬ ነው» አልሁት።

«አላቃጥላትም» አለ። «እኒያን የመሰሉ ባልቴት የተሳለሟትን አላቃጥልም። ነገር ግን ማንን እንዳሳለምኋቸው ማወቅ አለብኝ። ነገ ንባቧን አምጪ።»

በዚህ ዓይነት እኔ መምህር፣ አባቴ ተማሪ ሆነ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ክረምቱ ገብቷል። ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹን ሲያሰናብት ደጃፋችን ያለው ዋርካ ሥር እንቀመጣለን፤ ሲዘንብ ወደ ውስጥ እንገባለን። እሱ የሚያውቀው አነባበብ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ንባቡን በእንግሊዝኛ ጮክ ብዬ እንዳሰማው ይፈልጋል። አንዲት ቃል አይገባውም፤ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ከዚያ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ከዚያ እሱ ያፍታታል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ባለወፍጮ ወንዝ ዳር ከአንዲት ሴት ልጁ ጋር ይኖራል። ልጅቱ የጎረቤትን ዝይዎች ከበረታቸው ትለቃለች፣ ለዳኛው ፊት ለፊት «ተሳስተዋል» ትላለች፣ ወንዙ በሞላ ጊዜ ብቻዋን ጀልባ ቀዝፋ ሐኪም ታመጣለች። እናት የላትም።

«በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ያሉት ልጆች ሁሉ እናት የላቸውም» አልሁት አንድ ቀን፤ መምህሬ እንደዚያ ብላኝ ነበር።

«ጣራ ላይ የወጣችው» አለ አባቴ፣ «አንድም ወንዙን ለማየት ነው። አንድም ሰው እንዲያያት ነው። አንድም እናቷ ከሩቅ ብትመጣ ቀድማ ለማየት ነው። እናት ብትኖር ኖሮ ገና እግሯን ስታነሣ ‹ውረጂ› ትላት ነበር። ታሪኩ በመጀመሪያው ገጽ ያልቅ ነበር።»

ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ያን ቀን ከዚያ በላይ አላነበብንም።

ልጅቱን እንደወደዳት ያወቅሁት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ዝናቡ ቀሐን ሞልቶ ሲያጓራ በር ላይ ቆሞ «በዚህ ነው እንግዲህ የቀዘፈችው!» ሲል ሰማሁት፣ ለራሱ።

የአባቴ ታላቅ እህት የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። አክስቴ ዳባት ነው የምትኖረው። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ስትመጣ የገብስ ቆሎና ነጭ ሽንኩርት ሳትይዝ አትመጣም፣ ጸጉሬን እሷ የሠራችልኝን ያህል የሠራልኝ የለም። ግን እኔ ውኃ ልቀዳ ወጥቼ እያፏጨሁ ስመለስ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«ምነው ወንድሜ፣ ይችን ልጅ እንዲህ ለቀቅሃት?» አለችው ማታ እራት ላይ። «ሴት ልጅ ታፏጫለች? እናት የሌላት ልጅ መሆኗን አገር ያውቃል፤ ምን ሆና ቀረች እንዲሉህ ነው? ፍልሰታ ሲፈታ መጥቼ ልውሰዳት። ዓመት እኔ ዘንድ ትቀመጥ፣ ባልትና ትማር፣ አደብ ትግዛ። ትምህርቱ የትም አይሄድባት።»

ዓመት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አንዲት የአጎቴ ልጅ እንዲሁ ለዓመት ብላ ሄዳ ዓመት ሳይሞላት ተዳረች። አባቴን አየሁት። እንጀራውን እንደያዘ ያስብ ነበር። እንቢ አላለም፤ ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

«እትየ» አላት፣ «ትንሽ ይታገሡኝ። የጀመርነው መጽሐፍ አለ። የልጅቱን መጨረሻ ልየውና እነግርዎታለሁ።»

«የየትኛዋ ልጅ?»

«የባለወፍጮው ልጅ።»

«ምን ሆነች? አመማት እንዴ?» አለች አክስቴ፤ የሰፈር ልጅ መስላታለች።

በማግሥቱ ተሳፍራ ሄደች። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። የባለወፍጮው ልጅ መጨረሻዋ ካማረ እዚሁ እቀራለሁ፤ ካላማረ ዳባት እሄዳለሁ ማለት ነው። ከዚያ በፊት መጨረሻውን ቀድሜ አላየሁም ነበር። የፍልሰታ ቅዳሴ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሳለ መዝገበ ቃላቱን ይዤ የመጨረሻውን ምዕራፍ ገለጥሁ።

ልጅቱ ወንዙን ቀዝፋ ስትመለስ ብርድ መትቷት ትታመማለች። ስትድን አባቷ አክስቷ ዘንድ ይልካታል። እዚያ ጥልፍ ትማራለች፣ ጸጉሯን ትታታለች፣ ስትመለስ ድምጿ ዝግ ብሏል። ዳኛው እንኳ ያመሰግናታል። አባቷ ደስ ብሎት ያለቅሳል። መጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ልጅቱ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ትሰፋለች፤ ጣራው ላይ እርግቦች ብቻ አሉ።

መጽሐፉን ወረወርሁት። ከዚያ ወዲህ ብዙ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ ብዙዎቹ መጨረሻቸው ላይ ያችኑ ልጅ ያስቀምጧታል። ጸሐፊዎቹ ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ ለእንቢ ባይነቷ ወደዷት፣ በመጨረሻዎቹ ዐሥር ገጾች ቀጧት። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኋቸውም። ያን ቀን ግን ንዴቴ ስለ ልጅቱ ብቻ አልነበረም። አክስቴ ገና ከዳባት ሳትነሣ መጽሐፉ ውስጥ ቀድማኝ የገባች መሰለኝ።

አባቴን ዋሽቼው አላውቅም ነበር። እደብቀዋለሁ እንጂ አልዋሸውም። ፍልሰታ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው «በይ መጨረሻዋን አምጪ» አለኝ። ተቀመጥን። ከመጨረሻው ምዕራፍ ሁለት መስመር አነበብሁ። ከዚያ ዓይኔን ገጹ ላይ ተክዬ የሌለውን መተርጎም ጀመርሁ።

ልጅቱ ዳነች አልሁት። አባቷ ጀልባዋን ጠግኖ ሰጣት። በየቀኑ ወንዙን እየቀዘፈች ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ትሄድ ጀመር። እዚያ ትልልቅ መጻሕፍት አነበበች። አድጋ አስተማሪ ሆነች፤ ያችው ወንዝ ዳር። ስታስተምር ድምጿ ከወፍጮው ድምፅ በላይ ይሰማ ነበር። አባቷም ሲያረጅ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ማታ ማታ ይጠብቃት ነበር። አንድም ቀን ጥላው አልሄደችም አልሁት። እዚህ ላይ አለቀስሁ፤ ታሪኩ ያስለቀሰኝ መሰልሁ።

አባቴ አንድም ቃል አላፍታታም። «ሸጋ ናት» አለ፣ ተነሥቶም ወደ ቅዳሴ ሄደ።

አክስቴ ስትመጣ «እትየ፣ ልጅቱ ትምህርቷን ትቀጥላለች» አላት። አክስቴ ተከፋች፤ ቆሎዋን ግን ጥላልን ሄደች። መስከረም ላይ ስምንተኛ ክፍል ገባሁ። ያች መምህሬ ሌላ አገር ተዛውራ ስትሄድ መጽሐፉን «እንዳትመልሽው» ብላ ተወችልኝ።

እኔም ተማርሁ፣ እዚሁ ጎንደር አስተማሪ ሆንሁ፣ አገባሁ፣ ወለድሁ። አባቴን ከእኔ ጋር አመጣሁት። ሁሉም እንደ ዋሸሁት ሆነ። ያ ነው ያሳፈረኝ። አባቴ በሰው ፊት «ልጄ» ብሎ ሲኮራብኝ ወዲያው ያ ቀን ትዝ ይለኛል፤ ቃል የማይጨምርና የማይቀንስ ሰው፣ በእኔ ነገር ብቻ ባልተጻፈ ንባብ ፈረደ። ስንት ጊዜ ልነግረው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

አሁን አባቴ ዓይኑን ሞራ ሸፍኖታል። ፊት ይለያል፣ ፊደል ግን አይለይም። ልጄ ዐሥር ዓመቷ ነው። የኔን ልጅነት ያዩ ሰዎች «አንችን ወጣች» ይሉኛል። የጎረቤት ዛፍ ላይ ስለምትወጣ፣ ክፍል ውስጥ ለመምህር መልስ ስለምትሰጥ፣ ሰው ስታቋርጥ ስለማታፍር ቀኑን ሙሉ «ተቀመጪ፣ ዝም በይ፣ ውረጂ» ስላት እውላለሁ። እነዚያን መጻሕፍት የምወድ እኔ ነኝ እንዲህ የምለው። መጽሐፍ ውስጥ ያለች ልጅ አትወድቅማ፤ የኔዋ ብትወድቅ አጥንቷ ይሰበራል።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ የልጄን ድምፅ ሰማሁ። በእንግሊዝኛ ታነባለች። ያች መጽሐፍ ናት። ለአባቴ እያነበበች፣ እኔ እንደተደናቀፍሁት ሳትደናቀፍ፣ እየመለሰችለት ነው። ልብሱን እንደያዝሁ በሩ ዘንድ ደረስሁ፤ «አክስቷ ዘንድ ላኳት» እያለች ነው። ልጮህ አልሁ። ምን ብዬ? አባቴ መደቡ ላይ በከዘራው ተደግፎ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ጥልፉን ሰማ። የታታውን ጸጉር ሰማ። እርግቦቹን ሰማ። ልጄ መጽሐፉን ዘግታ «ኤጭ!» አለች። «ይኸ ነው መጨረሻው?»

ገብቼ እግሩ ሥር ተቀመጥሁ። 

«አባየ» አልሁት፣ «ያኔ ዋሽቼሃለሁ።»

«አውቃለሁ» አለ።

«መቼ አወቅህ?»

«ያን ዕለት ነዋ። ሁለት መስመር አንብበሽ ግማሽ ቀን ተረጎምሽ። ስንት ዓመት ሙሉ ተማሪ ሳዳምጥ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ንባብ ሲያልቅ አላውቅም?» ሳቀ። እጁን ዘርግቶ ራሴን ፈለገ፣ አገኘው። «ዳባት መሄድ ትፈልጊ እንደሁ ፊት ለፊት ብጠይቅሽ ‹አባየ እንዳለ› ትይኝ ነበር። ለሰው ሁሉ መልስ ትሰጫለሽ፣ ለእኔ ብቻ አትሰጭም ነበር። እናትሽ ብትኖር ለሷ ትነግሪያት ነበር፤ እሷ የለችም። እኔ የልጅቱን መጨረሻ ልስማ ስል ያንችን መስማቴ ነበር። ነገርሽኝ፤ ፈጸምሁት። ዋሸሁት ብለሽ ይህን ሁሉ ዘመን ተሸክመሽው ኖርሽ?»

እጁን ከራሴ ላይ አውርጄ ሳምሁት። 

አባቴ ፊቱን ወደ ልጄ አዞረ። «አንችም በይ» አላት። «ንባቡን ሰማሁ። አሁን ትርጓሜውን አምጪ። የባለወፍጮው ልጅ መጨረሻዋ ምንድን ነው?»

ልጄ አላሰበችም። መጽሐፉን አስቀመጠች፣ ጫማዋን አውልቃ መደቡ ላይ ወጣች፣ ከመደቡ አጠገቡ ያለው የልብስ ሳጥን ላይ ወጣች፣ ራሷ ጣራውን ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ እዚያ ቆማ እጇን ዘርግታ «መጀመሪያ ጥልፉን ወንዝ ውስጥ ጣለችው!» ብላ ጀመረች። ሳጥኑ አንድ እግሩ የላላ ነው፤ ይወዛወዛል። አፌን ከፈትሁ። «ውረጂ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሷል።

ዋጥሁት። ተነሥቼ ሳጥኑን በሁለት እጄ ያዝሁላት።